“ዋስ ሁነኝ”

“ከወደቁ በኋላ መንፈራገጥ ለመላላጥ” ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ ራሴም ተርቼዋለሁ። ፈተና ለወደቀ ተማሪ፣ ከወንበሩ ለተነሣ ሹም፣ ንግዱ ለከሰረበት ነጋዴ ሁሉ ይሠራል። ምክሩ ባጭሩ “አርፈህ ተኛ” ነው። የምክሩ ክፋት የታየኝ ግን በምሳሌ ሳይሆን በእውን የወደቀ ሰው ባየሁ ጊዜ ነው።

ሰውየው የሰፈራችን ለሳኝ ነበር። ስሙን መጻፍ አያስፈልግም፤ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ “ጋሼ” እለው ነበርና እዚህም ጋሼ እለዋለሁ። ቀበና አካባቢ ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ ጥጉ የጠራ ቤት ያየ ሰው “የማን እጅ ነው?” ብሎ ቢጠይቅ የሚነገረው የእሱ ስም ነበር። በ2006 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ አንድ ፎቅ ቤት በውጭ በኩል ሲለስን የቆመበት የባሕር ዛፍ መወጣጫ ከዳውና ከሁለተኛው ፎቅ ከፍታ ወደቀ። ነፍሱ ተረፈች። ቀኝ እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች ተሰበረ።

የሥራ ጓደኞቹ ብዙዎቻችን የምናደርገውን አደረጉ፤ ተሸክመው ወጌሻ ቤት ወሰዱት። ወጌሻን ለመንቀፍ አይደለም፤ ስንቱን ውልቃት መልሶ ስንቱን ሰው ያቆመ ሙያ ነው። ነገር ግን ስብራት በቀርከሃ ጠብቆ ሲታሰርና እግሩ ከውስጥ ሲያብጥ ደም መተላለፊያ ያጣል፤ ደም ያጣ ሥጋ ደግሞ ይሞታል። በዚህ ምክንያት ስንት እጅና እግር እንደሚቆረጥ ያገራችን የአጥንት ሐኪሞች ያውቁታል። ጋሼ በአምስተኛው ቀን ጣቶቹ ጠቁረው አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ሲደርስ የቀረው ምርጫ አንድ ብቻ ነበር። “በመጀመሪያው ቀን ለምን አልሄድክም?” ብዬ በኋላ ስጠይቀው “የካርዱን፣ የራጁን፣ የአልጋውን ማን ይከፍልልኛል ብዬ” አለኝ።

ከዚያ ወዲያ የመጣውን አንባቢ ራሱ ሊገምተው ይችላል። መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ ተሸጠ። ቀጥሎ ቁም ሣጥኑ ሄደ። ሚስቱ ሰው ቤት ልብስ ማጠብ ጀመረች፤ ትልቋ ልጅ ከትምህርት ቤት መልስ ትንንሾቹን ጠባቂ ሆነች። በመጨረሻ ቱንቢውና ውሃ ልኩ ተሸጡ። ሁለቱ የሚያወጡት ገንዘብ ይህን ያህል የሚያወላዳ አልነበረም። ሚስቱ ያለቀሰችው ግን ቁም ሣጥኑ ሲወጣ ሳይሆን ውሃ ልኩ ሲወጣ ነበር።

አሠሪው ጨካኝ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን በመኪና መጥቶ 2,000 ብርና አንድ ኩንታል ዱቄት ሰጠ። ቤተሰቡ መረቀው፤ ጎረቤት መረቀው፤ እኔም “እንዲህ ያለ ደግ ሰው ዛሬ የት ይገኛል?” ካሉት አንዱ ነበርኩ። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረውን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377/1996 ያነበብኩት ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው። እንደ አዋጁ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ ነው። የሕክምናውንና የሰው ሠራሽ እግሩን ወጪ መሸፈን ነበረበት። እስኪድን ድረስ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ የሚቀጥሉትን ሦስት ወራት ሦስት አራተኛውን፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ስድስት ወራት ደግሞ ግማሹን መክፈል ነበረበት። ለዘለቄታው ጉዳት የሚሰጠው ካሣ፣ ጉዳቱ ፈጽሞ ከሥራ የሚያወጣ ከሆነ የአምስት ዓመት ደመወዝ፣ ከፊል ከሆነም እንደ ጉዳቱ መጠን የሚሰላ ነው። ውሉ በጽሑፍ አለመሆኑም መብቱን አያስቀርም። ይሁን እንጂ የጋሼ ስም ሰፍሮ የነበረው በፎርማኑ ደብተር ላይ ብቻ ነው፤ ደብተሩም ፎርማኑ ዘንድ ቀረ።

እንግዲህ ያ ደግ ሰው የሰጠው ምጽዋት አልነበረም፤ የዕዳውን ቁራሽ ነው የከፈለው። ዕዳውን በምጽዋት ስም ስለከፈለ ግን ተመረቀ፤ ባለ ገንዘቡም እጅ ነሥቶ ተቀበለው። ይህ ነገር ከገባኝ ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልለቅህ ብሎኛል። ለወደቀ ሰው የምንሰጠው ነገር የሚያነሣው መቼ ነው? እዚያው የሚያስቀምጠውስ መቼ ነው?

*

አሠሪውን ለመውቀስ ግን እኔ ማን ነኝ? የራሴን ልናገር።

በዚያን ጊዜ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ይዤ ሪፖርተርነት የጀመርኩ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። የመጀመሪያ ደመወዜን ስቀበል የሰፈራችንን ዕቁብ ገባሁ። አርባ አባላት ነበርን፤ እሑድ እሑድ 100 ብር እንጥላለን፤ ዕጣ የወጣለት 4,000 ብር ይወስዳል። ጋሼ ከእኔ በፊት ጀምሮ የዕቁቡ አባል ነበር።

ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ዕቁብተኛው መከረ። ለሰው አዛኝ የሆኑ ሰዎች ናቸው። እስካሁን የጣለው ገንዘብ ተመላሽ ሆኖለት፣ በላዩ ላይ ከየራሳችን አርባ አርባ ብር አዋጥተን እንድንሰጠውና ከመጣሉ ነፃ እንዲሆን ተወሰነ። የዕቁቡ ዳኛ ውሳኔውን በሚያምር ንግግር ነገሩት። ጋሼ በክራንቹ ላይ ተደግፎ አዳመጠና “እግዜር ይስጥልኝ። መዋጮውን ለባለቤቴ ስጡልኝ። እኔን ግን ከዕቁቡ አታውጡኝ” አለ።

“ልጄ፣ በምን ትጥላለህ?” አሉት ዳኛው።

“ሠርቼ ነዋ።”

ቤቱ ጸጥ አለ። እግሩን አየን። ሁላችንም አየነው፤ ያየነውንም እንዳላየ ለመሆን ዓይናችንን ወደ ሌላ መለስን። ዳኛውም ቢጨንቃቸው “እንግዲህ ዕጣው ሲወጣልህ እንደ ደንቡ ዋስ ታመጣለህ” ብለው ነገሩን ዘጉት።

የዚያኑ ዕለት ማታ ቤቴ መጣ። የእኛ ቤት በረንዳ ሦስት ደረጃ አለው፤ እነዚያን ሦስት ደረጃዎች ሲወጣ የክራንቹ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ሻይ አፈላሁለት። ብዙም ሳይቆይ “ዋስ ሁነኝ” አለኝ።

የዕቁብ ዋስ መሆን ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ያውቀዋል። ዕጣውን የወሰደ ሰው መጣሉን ቢያቆም ዋሱ ይጥልለታል። በደመወዝ ለሚኖር ልጅ ቀላል ነገር አይደለም። ግን እውነቱን ልናገርና፣ ያን ጊዜ ያሰላሁት ገንዘቡን አልነበረም። “ይህ ሰው ከእንግዲህ የሚከፍል ሰው አይደለም” ብዬ ነበር በልቤ። አፌ ግን ሌላ ተናገረ። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ እናቴ መድኃኒት፣ ስለማላውቀው ነገር ሁሉ አወራሁ። በመጨረሻ ወደ ጓዳ ገብቼ 200 ብር አመጣሁና በጁ አስጨበጥኩት። ለአንድ ጀማሪ ሪፖርተር 200 ብር ትንሽ ገንዘብ አልነበረም። ብሩን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያም አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ደረጃዎቹን ወረደ። እኔም በዚያች ሌሊት ጥሩ ሥራ እንደሠራ ሰው ሰላማዊ እንቅልፍ ተኛሁ።

ዋስ የሆኑት ጉልት የሚነግዱ አንዲት አሮጊት ናቸው። ሽንኩርትና ቃሪያ በመደብ እየሸጡ ነው የሚኖሩት። ዳኛው “እማማ፣ ያስቡበት እንጂ” ቢሏቸው የሰጡትን መልስ የሰማ ሁሉ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል፦ “የቤቴን ግድግዳ የለሰነው እግሩ ነው እንዴ?”

*

ዕጣው በስድስተኛው ሳምንት ወጣለት። በገንዘቡ የገዛው ክብደትና እርጥበት የማይበግራቸው የብረት ቅርጽ ማውጫዎች፣ ሲሚንቶና ቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር ነበር። ሊሠራ ያሰበው “ምርጥ” የሚባለውን የእንጀራ ምድጃ ነው። ይህ ምድጃ በ1980ዎቹ በአገራችን ባለሙያዎች የተቀረጸ ሲሆን ከሲሚንቶና ከዚህ ጠጠር በየክፍሉ ተሠርቶ የሚገጣጠም ነው። እሳቱን ዙሪያውን ስለሚዘጋው በሦስት ጉልቻ ላይ ከመጋገር ጋር ሲወዳደር ማገዶን እስከ ግማሽ ድረስ ይቆጥባል። ሲሚንቶ ምን ያህል ውሃ እንደሚፈልግ፣ መቼ እንደሚይዝ፣ መቼ እንደሚሰነጠቅ ከጋሼ የበለጠ የሚያውቅ በሰፈሩ አልነበረም። ይህ ዕውቀት ደግሞ ከእግሩ ጋር አልተቆረጠም።

ሥራው እንዲህ በቀላሉ ተጀመረ ብል ግን መዋሸት ይሆናል። አካፋ ይዞ ቆሞ ማቡካት አቃተው፤ ስለዚህ ከመሬት ከፍ ያለ የማቡኪያ ገበታ ከቁርጥራጭ ጣውላ ሠራና ተቀምጦ ማቡካት ተማረ። አሸዋና ውሃ የሚያቀርብለት ልጅ ያስፈልገው ነበር፤ የጎረቤት ጎረምሳ በምድጃ ልክ እየተከፈለው ገባ። ምድጃውን ገዢ ቤት የሚያደርስ ባለ ጋሪም የራሱን ድርሻ ወሰደ። የመጀመሪያዎቹ ምድጃዎች ሳይደርቁ ከቅርጽ ማውጫው ስለወጡ ተሰነጠቁ። ችኮላው ከእሑዱ ዕጣ የመጣ ነበር፤ 100 ብሩ መጣል አለበት።

ከተሰነጠቁት አንዱን እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ አንዲት ሴት ሳታውቅ ገዝታው ኖሮ፣ በሳምንቱ በሩ ላይ ቆማ ሰፈሩ እስኪሰማ ድረስ ጮኸችበት። “ሌባ! ገንዘቤን መልስ!” አለችው። ሰው ተሰበሰበ። “እግር የለው፣ ምናለ ብትተዪው” ያላትም ነበር። ጋሼ ግን ይቅርታ ጠይቆ በሦስተኛው ቀን አዲስ ምድጃ ሠራላት። ማታ ሳገኘው ፊቱ በርቷል። ምን አግኝቶ እንደሆነ ስጠይቀው የነገረኝን አልረሳውም፦ “ከወደቅሁ ወዲህ ሰው ሲቆጣኝ የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው።”

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ አለመቆጣት ደግነት ይመስለኝ ነበር። እስቲ አስቡት። አንድ ሙሉ ዓመት ያህል ማንም አልተቆጣውም። ቢዘገይ አይወቀስም፤ ቢሳሳት አይታረምም፤ ቃሉን ቢያጥፍ ማን ይጠይቀዋል? ሁሉም ነገር ተፈቅዶለታል፤ ምክንያቱም ከእሱ የሚጠበቅ ነገር የለም። ያቺ እንጀራ ሻጭ ግን ሌባ ብላ ስትሰድበው፣ ሳታውቀው ጥሩ ምድጃ መሥራት የሚችል ሰው መሆኑን መሰከረችለት። የማይችልን ሰው ማን ይቆጣል?

*

በአማርኛችን ውስጥ አንድ የሚገርም ነገር አለ። የተቀበለ ሰው “እግዜር ይስጥልኝ” ይላል። ዘወትር ስለምንለው ትርጉሙን አናስተውለውም እንጂ ሙሉ ውል ነው። “እኔ ልመልስልህ አልችልም፤ በእኔ ፈንታ እግዚአብሔር ይክፈልህ” ማለት ነው። ተቀባዩ ዕዳውን ወደ ላይ ያስተላልፋል፤ ዋሱ እግዚአብሔር ነው። የማይሰጥ ሰውም በበኩሉ ለለማኙ “እግዜር ይስጥህ” ብሎ ያልፋል፤ እሱም ግዴታውን ወደዚያው ይልካል። በሁለቱም በኩል ሂሳቡ በሰማይ ይዘጋል። ይህ ትልቅ እምነት ነው፤ ስንቱንም ሰው ከረሃብ አድኗል። ችግሩ የዕቁብ ዳኛ እግዚአብሔርን በዋስነት መዝገብ ላይ አለመጻፉ ነው። ምድር ላይ ለመቆም የምድር ዋስ ያስፈልጋል። አባቶቻችን “ብድር በምድር” ያሉት ያለ ነገር አይደለም።

ምጽዋትና ብድር ሲታዩ የሚለያቸው የገንዘቡ መመለስና አለመመለስ ብቻ ይመስላል። ልዩነቱ ግን ከዚያ የጠለቀ ነው። ምጽዋት የሰውየውን ዛሬ ያያል። ርቦታል፣ በርዶታል፣ ታሟል። ብድር ግን ነገውን ያያል፤ “በሚቀጥለው ዓመት በዚህ ጊዜ አንተ የምትከፍል ሰው ነህ” ብሎ አስቀድሞ ይመሰክርለታል። የእኔ 200 ብር የጋሼን ዛሬ አየች፤ የእማማ ፊርማ (ፊርማም አይደለም፣ የጣት አሻራ ነው) ነገውን አየች።

ይህን ከእኔ በፊት ያሰቡበት ብዙዎች ናቸው። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው አይሁዳዊው ፈላስፋና ሐኪም ማይሞኒዲስ የምጽዋትን ደረጃዎች ስምንት አድርጎ ሲደረድር ከሁሉ በላይ ያስቀመጠው ምስጢራዊ ስጦታን አልነበረም። ከሁሉ የሚበልጠው ለወደቀው ሰው ብድር መስጠት፣ ከእሱ ጋር በሥራ መሻረክ ወይም ሥራ ማግኘት፣ በጠቅላላው ሰውየው ዳግመኛ የሰው እጅ እንዳያይ ማድረግ ነው ብሏል። ሙስሊም ወገኖቻችንም “ቀርድ ሐሰን” የሚሉት ያለ ወለድ የሚሰጥ መልካም ብድር በሃይማኖታቸው ውስጥ የከበረ ስፍራ አለው። ጥበቡ አንድ ነው፤ ሰውን የሚያነሣ ስጦታ መልሶ የመስጠትን ዕድል አብሮ የሚሰጥ ነው።

እዚህ ላይ የልጅነት ትዝታዬን ላንሣ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራዊት ተበተነ። በዚያን ጊዜ ሕፃን ብሆንም ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ወታደራዊ ካፖርት ለብሰው፣ በክራንች ቆመው እጃቸውን የሚዘረጉትን ሰዎች አስታውሳለሁ። የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን መልሶ ለማቋቋም ኮሚሽን ተቋቁሞ ብዙዎች ወደየገጠራቸው ተመልሰው ማረስ ጀመሩ። ግን ከእነዚያ ከተማ ከቀሩት ውስጥ መኪና መጠገን የሚችል፣ ሬዲዮ የሚያውቅ፣ ካርታ ማንበብ የተማረ ስንቱ ነበር? እናቴ ሳንቲም ሰጥታኝ አደርስላቸው ነበር። “ምን ታውቃለህ? ምን ትሠራ ነበር?” ብሎ ሲጠይቃቸው ያየሁት ሰው ግን የለም። እኔም ሕፃን ሆኜ የተማርኩት ይህንኑ ነው። ክራንች ሲታይ እጅ ወደ ኪስ ይሄዳል፤ ጥያቄ ግን ወደ አፍ አይመጣም።

*

አካል ጉዳትን ስናነሣ ቶሎ የሚጠቀስልን አበበ ቢቂላ ነው፤ ተገቢም ነው። በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ በጫማ ማራቶንን ያሸነፈ ጀግና በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ከዚያ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በእንግሊዝ አገር በቀስት ውርወራ ተወዳደረ፤ በኖርዌይ በረዶ ላይም በመንሸራተቻ ተሽቀዳደሞ አሸነፈ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ አንገቱን አልደፋም። ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ትምህርት ብዙውን ጊዜ “ቆራጥ ሁን” የሚል ነው። ለጋሼም ይህንኑ የመከሩት ነበሩ።

የታሪኩ ግማሽ ግን ይቀራል። አበበ የታከመው ስቶክ ማንድቪል በተባለው ሆስፒታል ነው። በ1944 እ.ኤ.አ. እዚያ የአከርካሪ ጉዳተኞችን ክፍል የከፈቱት ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን ሥራቸውን ሲጀምሩ፣ አከርካሪው የተጎዳ ወታደር ተኝቶ ሞቱን እንዲጠብቅ የሚተው ሰው ነበር። ጉትማን ይህን አልተቀበሉም። በሽተኞቻቸው የእንጨት ሥራ፣ የሰዓት ጥገናና የመሳሰለውን እንዲሠሩ አደረጉ፤ ኳስና ቀስት ሰጧቸው። በ1948 እ.ኤ.አ. የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት 16 ጉዳተኞችን በቀስት ውርወራ አወዳደሩ፤ የዛሬው ፓራሊምፒክ ከዚያ ነው የበቀለው። አበበ ቆራጥ ነበር፤ ይህን የሚክድ የለም። ግን ቀስቱን በእጁ ያስያዘውና “ወርውር፤ ነጥብህን እንቆጥራለን” ያለው ሰው ነበር። ጋሼም ቆራጥ ነበር፤ ቆራጥነቱ ግን እማማ ባይኖሩ የትም አይደርስም። በሰፈራችን ከእሱ ያላነሱ ስንት ቆራጥ ሰዎች ዋስ አጥተው ቀርተው ይሆን? የእነሱ ታሪክ ስለማይነገር አናውቃቸውም።

እንዲህ ስል አንድ ከባድ ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ። “መሥራት ፈጽሞ የማይችለውስ? አልጋ ላይ የዋለውስ? ሰውን በሥራው የምትለካ ከሆነ እሱን ምን ልትለው ነው?” ተቃውሞው ትክክል ነው። የሰው ክብሩ ሰው መሆኑ ነው፤ ምድጃ መሥራቱ አይደለም። መሥራት ለማይችል መደገፍ ውለታ ሳይሆን ግዴታ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 ይህንኑ በመንግሥት ላይ ጥሎታል፤ ምንም እንኳ “አቅም በፈቀደ” የምትለዋ ቃል በሩን ገርበብ አድርጋ ብትተወውም። እኔ የምለው ሌላ ነው። “አይችልም” የሚለውን ፍርድ ማን ነው የሚፈርደው? በምን ማስረጃ? እኔ በጋሼ ላይ የፈረድኩት ክራንቹን ብቻ አይቼ ነው፤ እጁን አልጠየቅኩትም። አልጋ ላይ የዋለ ሰው እንኳ የተጣላ ያስታርቃል፣ ልጅ ያስጠናል፣ የዕድር ጸሐፊ ይሆናል። ሁሉም ሰው መሥራት አለበት ማለቴ አይደለም። ሁሉም ሰው ግን መጠየቅ አለበት።

ብድርም የራሱ አደጋ አለው። በሥራ ፈንታ ለእህል የዋለ ብድር ሰውን ሁለተኛ ይጥለዋል። ጋሼ ባይሳካለት ኖሮ እማማ ከሽንኩርታቸው ላይ ይጥሉ ነበር። ዋስትና ዋስትና የሚሆነው እኮ የሚያስከፍል ስለሆነ ነው። የሚያሳዝነው ይህን አደጋ የተሸከሙት ከአርባዎቻችን ሁሉ ድሃዋ መሆናቸው ነው። አሠሪው ሕጉ የሚለውን ከፍሎ ቢሆን ኖሮ የአሮጊቷ አውራ ጣት ባላስፈለገ ነበር። ስለዚህ የእማማን ደግነት አድንቀን ብቻ ብናልፍ ያንኑ የአሠሪውን ስሕተት መድገም ይሆንብናል፤ የመብትን ባዶ ቦታ በደግነት መሸፈን።

ሕግ በበኩሉ አልጠፋም። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 በአካል ጉዳት ምክንያት በሥራ ቅጥር ላይ አድልዎ ማድረግን ከልክሏል፤ አሠሪውም የሥራ ቦታውን ለጉዳተኛው እንዲያመቻች አዟል። “አድልዎ ተፈጽሞብኛል” የሚል ጉዳተኛ ክስ ሲያቀርብ አለመፈጸሙን የማስረዳቱ ሸክም በተከሳሹ ላይ እንዲወድቅም ደንግጓል። አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ከጋሼ ታሪክ ሳየው የእነዚህ ሕጎች ሐሳብ ከእማማ ንግግር አይለይም። ሁለቱም የሚሉት ስለ ጎደለው እግር ሳይሆን ስላለው እጅ ጠይቁ ነው። ልዩነቱ የእማማ ቃል በዚያው ሰዓት የሠራ መሆኑ ነው።

*

ጋሼ ሀብታም አልሆነም። በክረምት ጭቃው ክራንቹን ይውጠዋል፤ በኋላ ያገኘው ሰው ሠራሽ እግርም ቆዳውን እየላጠ ለሳምንት የሚያስቀምጠው ጊዜ አለ። ሰፈሩ እየፈረሰ ሰዉ ወደ ኮንዶሚኒየም ሲሄድ የማገዶ ምድጃ ገዢው አነሰ፤ እሱም በዚያው ሲሚንቶ የአበባ ማስቀመጫ መሥራት ጀመረ። ልጆቹ ግን ትምህርታቸውን አላቋረጡም። ዕቁቡን አንድም እሑድ ሳያጓድል ጨረሰ። ተረቱ እውነት ነው፤ ተንፈራግጦ ተላልጧል። ግን ተነሥቷል።

በ2008 ዓ.ም. አንድ ምሽት እነዚያ ሦስት ደረጃዎች ላይ ክራንች ሰማሁ። ገባ፤ ተቀመጠ፤ ሻይ አፈላሁለት። ከኪሱ ገንዘብ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

“ምንድን ነው ጋሼ?”

“ያቺ 200 ብር።”

“እሷን እኮ በብድር አልሰጠሁህም!”

“አውቃለሁ” አለኝ። “እኔ ግን በብድር ነው የተቀበልኩህ።”

እንዴት እንዳፈርኩ መግለጽ ያስቸግረኛል። እንዲመልሰው ለመንኩት፤ ለልጆቹ ደብተር እንዲገዛበት፣ እንደ ስጦታ እንዲይዝልኝ ነገርኩት። ዝም ብሎ አየኝ። ያን ጊዜ ለሁለተኛ ጊዜ ያንኑ ስሕተት ልሠራ እንደሆነ ገባኝ። ገንዘቡን አንሥቼ ወደ ኪሴ ልከት ስል እጁን ዘርግቶ አስቆመኝ።

“ቁጠረው እንጂ” አለኝ።

ቆጠርኩት።